ሳጥኑ የሚኖርበት ዓመት

ኤንደል ደወለልኝ፣ ማክሰኞ ሲነጋ፤
«ሪን፣ ያ ጥቁር ሳጥን፣ ከእኔ ጋር ተዋጋ።
ስልኬ ላይ ይከፍታል፤ መኝታ ቤት ያለው ትንሹም ይከፍታል፤
የሳሎኑ ብቻ፣ ክቡን እያዞረ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።»

መሣሪያዬን ይዤ፣ ወጣሁ በበረዶ፣
ከሎክሳ መርከብ ማበጃ፣ ብረት ሲጮህ ማልዶ፤
ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፤ ሦስት ፎቅ ደረጃ፤
በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ በእጁ ይዞ ማስረጃ፤
በእርሳስ የጻፈው፦

ሰኞ፣ ከምሽቱ ሁለት፦ ነቀልኩት፣ ሰካሁት።
ሁለት ተኩል፦ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት።
ሦስት ሰዓት፦ ሰደብኩት።
ሦስት ከሩብ፦ ይቅርታ ጠየቅሁት።

እኔም በተራዬ፣ ጀመርኩ እንደገና፤
መተግበሪያውን አጥፍቼ፣ ጫንኩት በጥሞና፤
የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለካሁ፤ ደኅና ነው፣ በጣም ደኅና።
ሬዲዮው ይሠራል። የአየር ትንበያው ይሠራል።
ያ አንዱ መተግበሪያ ብቻ፣ አሻፈረኝ ብሏል፤
«የይለፍ ቃል ስህተት» አይል፣ «ክፍያ ቀርቷል» አይል፣
ዝም ብሎ ይዞራል፣ እንደ ወፍጮ ያለ እህል።

ኤንደል ከኋላዬ፣ በርጩማውን ስቦ፣
ድሮውን ጀመረ፣ ከዚህ ከዚያ ሰብስቦ፦
«ከዚሁ ጣሪያ ላይ፣ ሽቦ አቁመን በማታ፣
ፊንላንድን ከባሕር ማዶ፣ ስንሰርቃት በዝምታ፣
ምስሉ ይመጣ ነበር፤ ድምፁ ወዲያ ቀረ፤
የእኛ ቴሌቪዥን ጆሮ፣ በሌላ ልክ የተቀደደ ነበረ።
በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ በየደችው ለይዳ፣
ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ፣ አንድ ትንሽ ሰሌዳ፤
ጆሮ ቀጠለችለት፤
ግማሹ ቢገባን፣ ግማሹን ሳቅንበት።»

እሱ ያወራል፤ እኔ ቅንብሩን አስሳለሁ፤
ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ማንም ከማይደርስበት፣ አንድ ቁጥር አየሁ፦
ጃንዋሪ አንድ፣ 1970።

ለካ ቅዳሜ ሌሊት፣ ወጀቡ መብራት ሲያጠፋ፣
የሳጥኑም ሰዓት፣ ከነትዝታው ጠፋ፤
ትንሹ ሲነቃ፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ከኢንተርኔት ይጠይቃል፤
ይሄኛው ሽማግሌ ግን፣ የሚጠይቀው ሰርቨር ከተዘጋ ቆይቷል።
ከማዶ መተግበሪያው፣ መታወቂያ ያሳያል፤
ሳጥኑ መታወቂያውን፣ ከቀኑ ጋር ያያል፤
«ይህ ሰው» ይላል፣ «ገና አልተወለደም።»
እንዴት በሩን ይክፈት፣ ላልተወለደ እንግዳ?

ይህን ሳስረዳው ሳቅሁ። ኤንደል አልሳቀም።
«ሰባ?» አለ። «ጃንዋሪ?» ጣቶቹን ቆጠረ።
«እንግዲያው ይህ ሳጥን፣ ለይዳን አያውቃትም።
በማርች ነው ያገኘኋት፣ ከዓሣ ማሸጊያው በር፤
አንድ እጅ ጓንቷ ጠፍቶ፣ በረዶ ስትቆፍር ነበር።»

ቀኑን ልሞላ ስል፣ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ።
«የስኪው ውድድር በአሥር ሰዓት ነው» አለ፣ ለሰበብ ያህል።

ሪሞቱ ዓመትን የሚያሳልፈው፣ አንድ በአንድ ነው።
ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት።
ሰባ አራት ላይ «ኡርማስ» አለ፣ የልጁን ስም።
ሰማንያዎቹን በጥድፊያ አለፈ፣ ወረፋ እንደሰለቸው ሰው፤
ዘጠና አንድ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።
ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ላይ፣ አውራ ጣቱ ቆመ።
ማቀዝቀዣው ብቻ፣ ከወጥ ቤት አጉረመረመ።
ከዚያ ተጫነ።

ክቡ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ምስሉ መጣ፦
በረዶ፣ ጥድ፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር የለጠፉ ሰዎች።
ድምፅ የለም።
ገመዱን ነካካሁ፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበረከክሁ፤
ኤንደል ግን አንገቱን ደፋ፣
«ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ።
ስሰድበው፣ መልስ እንዳይሰጠኝ።»

ሒሳቡን ከፈለኝ፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
የተጨሰ ዓሣ ጨመረ፣ «ለእናትሽ ነው» ብሎ።
በወረቀቱ ግርጌ፣ በራሱ እርሳስ ጻፍኩለት፦
መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ወደ ሰባ ይመለሳል፤ ቀኑ ይስተካከል።
አነበበው። አጠፈው። ኪሱ ከተተው።
«ግድ የለሽም» አለ፣ «መንገዱን አውቀዋለሁ።»